ሶሲዮሎጂ መቼ ተጀመረ? ጥያቄውን ከፋፍሎ የመመለስ ዘዴ

«የሶሲዮሎጂን ታሪካዊ አመጣጥ አብራሩ» ተብሎ የተሠራ አሳይመንት ገና ሳይገለጥ ምን እንደሚል ይታወቃል። የፈረንሳይ አብዮት ይመጣል፤ የኢንዱስትሪ አብዮት ይከተላል፤ «የሶሲዮሎጂ አባት» ኦገስት ኮምት ይጠራል፤ ማርክስ፣ ዱርካይምና ዌበር አንዳንድ ገጽ ተሰጥቷቸው ያልፋሉ፤ ወረቀቱም ያልቃል። ከዓረፍተ ነገሮቹ አንዱን ነጥሎ ሐሰት ነው ማለት ያስቸግራል። ጥያቄው ግን አልተመለሰም። ኮምት አንድም ቀን የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ አያውቅም። ማርክስ ራሱን ሶሲዮሎጂስት ብሎ አልጠራም። ዌበር አብዛኛውን የመምህርነት ዘመኑን የተሾመው ለኢኮኖሚክስ ነበር። ታዲያ ሶሲዮሎጂን ዩኒቨርሲቲ ያስገባው ማን ነው? በየትኛው በር ገባ? ደመወዙንስ ማን ከፈለ?

ይህ መመሪያ 10 ገጽ ያህል ተርም ፔፐር ለሚጽፍ ተማሪና የሁለት ክፍለ ጊዜ ሌክቸር ለሚያዘጋጅ መምህር የተሰናዳ ነው። የሚወስዳችሁ መንገድ ከተለመደው ትንሽ ይረዝማል፤ በምላሹ ግን መምህራችሁ ሃምሳ ጊዜ ያላነበበውን ነገር ትጽፋላችሁ።

ጥያቄውን ለአምስት ክፈሉት

«ተጀመረ» የሚለው ቃል አምስት የተለያዩ ነገሮችን ደብቋል። አንደኛ፣ ቃሉ መቼ ተፈጠረ? ሁለተኛ፣ ኅብረተሰብን እንደ አንድ የጥናት ነገር ይዞ በሥርዓት የጻፈው ማን ነው? ሦስተኛ፣ በዩኒቨርሲቲ ኮርስ ሆኖ የተሰጠው መቼ ነው? አራተኛ፣ በስሙ የፕሮፌሰር ወንበር ወይም ዲፓርትመንት የተቋቋመለት የት ነው? አምስተኛ፣ የራሱ ጆርናልና የሙያ ማኅበር ያገኘው መቼ ነው? መልሶቹ በአገርም በዓመትም ይለያያሉ፤ በአንድ አገር ውስጥ እንኳ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ሰባ ዓመት ሊኖር ይችላል።

አንድ ወረቀት አጋድሙና ሠንጠረዥ ሥሩ። በቁመት አራት አገሮች ይግቡ፦ ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጀርመን፣ እንግሊዝ። በአግድም አምስቱን ጥያቄዎች ደርድሩ። ሃያ ሣጥን ይወጣችኋል። በየሣጥኑ ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ዓመት፣ ቦታ፣ ሰው። ያልሞላ ሣጥን ካገኛችሁ በግምት አትሙሉት። ባዶው ሣጥን ራሱ መረጃ ነው፤ ለምሳሌ የእንግሊዝ ረድፍ ወንበር የሚለው ላይ እስከ 1907 ባዶ መቆየቱ ኋላ ላይ ዋናው መከራከሪያችሁ ይሆናል።

ብዙ ተማሪ ይህን ደረጃ ዘሎ በቀጥታ ወደ መጻፍ ይገባል። ውጤቱ የሚታየው «የመጀመሪያው» የሚለው ቃል ላይ ነው። በአንድ ገጽ ኮምት የመጀመሪያው ይሆናል፤ በሌላው ገጽ ዱርካይም፤ በሦስተኛው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ። ጸሐፊው የተለያዩ ዓምዶችን ደባልቋልና ሦስቱም እርስ በርስ የሚጣረሱ ይመስላሉ።

የዘመን አቆጣጠሩን አስቀድማችሁ ወስኑ

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት የጀመረው በጥቅምት 1892 መጀመሪያ ላይ ነው፤ በእኛ 1885 ማለት ነው። ዱርካይም በፈረንሳይዋ ከተማ ቦርዶ ማስተማር የጀመረው በ1887 ነው። አንዱን ቀይራችሁ ሌላውን እንዳለ ብትተዉት ቺካጎ ቦርዶን በሁለት ዓመት ቀድሞ ቁጭ ይላል፤ እውነቱ ግን በአምስት ዓመት ይከተለዋል። ከዚያ በኋላ «ፈረንሳይ ከአሜሪካ ተማረ» የሚል የፈጠራ ታሪክ ለመጻፍ አንድ እርምጃ ነው የቀራችሁ።

ስለዚህ በመጀመሪያው ገጽ ላይ እ.ኤ.አ. መሆኑን አንድ ጊዜ ተናግራችሁ እስከ መጨረሻ አትቀይሩ። የግድ መቀየር ካለባችሁ ከጥር እስከ መስከረም መጀመሪያ ለሚውለው ስምንት፣ ከእኛ አዲስ ዓመት እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ለሚውለው ሰባት ይቀነሳል። ወሩ የማይታወቅ መጽሐፍ ከሆነ ግን አትቀይሩት፤ ሰባት ይቀነስ ስምንት አታውቁምና።

ቃሉ

የመጀመሪያውን ዓምድ መሙላት ቀላል ነው፤ ሦስት ወጥመድ ግን አለበት። ኮምት የተወለደው በ1798 በሞንፔልዬ ነው። ከ1817 እስከ 1824 የማኅበራዊ አሳቢው የሳን ሲሞን ጸሐፊ ሆኖ ሠራ፤ ተጣልተው ተለያዩ። በሚያዝያ 1826 በገዛ ቤቱ ትምህርት መስጠት ጀመረ፤ ከሦስት ሌክቸር በኋላ በጽኑ የአእምሮ ሕመም ተቋረጠ፤ የቀጠለው በ1829 ነው። ከዚያ የወጣው ሥራ በስድስት ጥራዝ ከ1830 እስከ 1842 ታተመ። «ሶሲዮሎጂ» የሚለው ቃል በኅትመት የወጣው በአራተኛው ጥራዝ፣ በ47ኛው ትምህርት ውስጥ፣ በ1839 ነው።

አንደኛው ወጥመድ ዓመቱ ነው። 1838 የሚሉ መጻሕፍት ታገኛላችሁ። ጥራዙ የታተመበትን 1839ን ያዙ፤ መምህሩ 1838 ካለ ጽፎ የጨረሰበትንና ያሳተመበትን ለይታችሁ አስረዱ።

ሁለተኛው ወጥመድ «ቃሉን ከምንም ፈጠረ» ማለት ነው። ኮምት ቀደም ሲል ይጠቀም የነበረው «ማኅበራዊ ፊዚክስ» የሚለውን ነበር። ቤልጅጋዊው የሥነ ፈለክ ሰው አዶልፍ ኬትሌ ግን በ1835 ባሳተመው መጽሐፍ ንዑስ ርእስ ላይ ይህንኑ ስም ለስታትስቲክስ ጥናቱ ተጠቀመበት። የኬትሌ ሥራ ልደትን፣ ሞትንና ወንጀልን ቆጥሮ «አማካዩን ሰው» መፈለግ ነበር፤ ኮምት ይህን አልወደደውም፤ ስሙን ተነጠቅሁ ብሎም አዘነ። ከላቲን አንድ፣ ከግሪክ አንድ ቃል አገጣጥሞ አዲስ ስም የሠራው ከዚያ በኋላ ነው። በሁለት ቋንቋ የተገጣጠመ ስም በመሆኑም የዘመኑ ምሁራን ሲሳለቁበት ኖረዋል። ይህን ታሪክ በአራት መስመር ብትጽፉት የሚጠቅመው ለማስዋብ አይደለም፤ ቆጥሮ የሚያጠናው ሶሲዮሎጂና ሕግጋትን በማሰላሰል የሚፈልገው ሶሲዮሎጂ ገና ከስሙ ጀምሮ እንደተጣሉ ስለሚያሳይ ነው።

ሦስተኛው ወጥመድ «ማንም ከኮምት በፊት አላለውም» የሚለው ነው። የፈረንሳይ አብዮት ፖለቲከኛ የነበረው አቤ ሲየስ በ1780 አካባቢ ባልታተሙ ወረቀቶቹ ላይ ይህንኑ ቃል ጽፎ ተገኝቷል። ኮምት ግን ወረቀቶቹን አይቷል የሚያሰኝ ነገር የለም። «በኅትመት ያወጣውና ያስፋፋው ኮምት ነው» ብላችሁ ጻፉ፤ ከሁለቱም ትድናላችሁ።

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ እንዴት እንደተሻገረም አንድ አንቀጽ ይገባዋል። ጆን ስቱዋርት ሚል ከኮምት ጋር ከ1841 ጀምሮ ይጻጻፍ ነበር፤ በ1843 ባወጣው የሎጂክ መጽሐፉም ቃሉን ተጠቀመበት። ሃሪየት ማርቲኖ ደግሞ ስድስቱን ጥራዝ በ1853 በሁለት ጥራዝ አሳጥራ ተረጎመችው። እንግሊዝኛ አንባቢው ዓለም ኮምትን ያወቀው በአብዛኛው በእሷ እጅ ነው። ኮምትን ከምንጩ ማየት ከፈለጋችሁ እናንተም ከእሷ ጀምሩ፤ የባለቤትነት መብቱ ስላበቃ ስካኑ በነፃ ይገኛል። ፈረንሳይኛ የሚችል ሰው ዋናውን የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ዲጂታል ክምችት በሆነው በጋሊካ ላይ ያገኘዋል። ስድስቱን ጥራዝ ለማንበብ ግን አትሞክሩ፤ ሦስቱ ስለ ሒሳብ፣ ስለ ፊዚክስ፣ ስለ ኬሚስትሪና ስለ ሥነ ሕይወት ናቸው።

ቀደምት አሳቢዎች፦ ግማሽ ገጽ ይበቃል

እዚህ ላይ ተማሪ ሁለት ተቃራኒ ስሕተት ይሠራል። አንዱ ከአርስቶትል ጀምሮ አምስት ገጽ ይጨርሳል፤ ሌላው ኢብን ኻልዱንን በአንድ ዓረፍተ ነገር «እውነተኛው የሶሲዮሎጂ አባት» ብሎ ሹሞት ያልፋል።

ኢብን ኻልዱን በ1332 በቱኒስ ተወልዶ በ1406 በካይሮ አረፈ። ሙቀዲማ የተባለውን መጽሐፉን ያዘጋጀው በ1377 ነው። በመጽሐፉም ስለ ሰው ልጅ አብሮ መኖር የሚያጠና ራሱን የቻለ ዕውቀት እያቀረብሁ ነው ብሎ በግልጽ ተናግሯል፤ ሥርወ መንግሥታት ለምን እንደሚነሡና እንደሚወድቁም «አሰቢያ» በሚለው የወገን ትስስር ጽንሰ ሐሳብ አስረድቷል። በሁለተኛው ዓምድ ውስጥ ከማንም በላይ ቦታ ይገባዋል። የሦስተኛው፣ የአራተኛውና የአምስተኛው ዓምድ ሰው ግን አይደለም። የአውሮፓ ምሁራን በስፋት ያነበቡት በ1860ዎቹ የፈረንሳይኛ ትርጉሙ ከወጣ በኋላ ነው፤ ሥራውን ተቀብሎ ትምህርት ክፍል ያቋቋመ ተከታይ አልነበረውም። ይህን መለየት እሱን ማሳነስ አይደለም። ሐሳብ ያለ ተቋም ለስንት መቶ ዓመት ብቻውን ሊቆም እንደሚችል ከእሱ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ከእሱ ሌላ ሞንተስኪዩን በ1748ቱ የሕግጋት መጽሐፉ፣ ስኮትላንዳዊውን አዳም ፈርጉሰንን በ1767ቱ የሲቪል ማኅበረሰብ ታሪኩ ጥቀሱና ውጡ።

ፈረንሳይ፦ በመምህራን ማሠልጠኛ በር

ትልቁን ቦታ ለዚህ ስጡ፤ ከ10 ገጽ ሁለት ተኩሉን።

ኮምት በ1857 ሲሞት ሶሲዮሎጂ በፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንዲት ወንበር አልነበራትም። ነገሩን የቀየረው ፖለቲካ ነው። ፈረንሳይ በ1870 በፕሩሲያ ተሸነፈች፤ በ1871 የፓሪስ ኮሚዩን ተነሥቶ በደም ታፈነ። ከዚህ የወጣው ሦስተኛው ሪፐብሊክ በ1880ዎቹ ትምህርትን ነፃ፣ ግዴታና ከቤተ ክርስቲያን የተለየ አደረገ። አሁን ካህኑ ሲያስተምር የነበረውን ግብረ ገብ አስተማሪው በምን ይተካው? ኤሚል ዱርካይም በ1887 ወደ ቦርዶ የተላከው ይህ ጥያቄ በተነሣበት ሰዓት ነው። የተሰጠው ኮርስ ስም «ማኅበራዊ ሳይንስና ፔዳጎጂ» (የማስተማር ጥበብ) ነበር። «ሶሲዮሎጂ» የሚለው ቃል በስሙ ውስጥ እንዳልነበረ ልብ በሉ፤ ብዙ ወረቀት «በ1887 የመጀመሪያው የሶሲዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ» እያለ የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

በ1902 በፓሪስ ወዳለው ሶርቦን ሲዛወርም የገባው በትምህርት ሳይንስ በር ነው። የፔዳጎጂ ኮርሱ መምህር ለመሆን ለሚዘጋጁ ተማሪዎች ግዴታ ነበር፤ አንድ ትውልድ የፈረንሳይ መምህራን ስለዚህ ሳይወዱ በግድ ዱርካይምን ሰሙ። ወንበሩ «የትምህርት ሳይንስና ሶሲዮሎጂ» ተብሎ ስሙ የተቀየረው በ1913 ነው። ከኮምት ጥራዝ 74 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ይህን ቁጥር በጽሑፋችሁ ውስጥ አስገቡት፤ ብዙ ነገር ይናገራል።

መጻሕፍቱን ስትዘረዝሩ ዓመታቸውን ብቻ ሳይሆን ሥራቸውን ጻፉ። የሥራ ክፍፍል (1893) የዶክትሬት ጽሑፉ ነው። የሶሲዮሎጂ ዘዴ ሕጎች (1895) ደግሞ የይገባኛል ማመልከቻ ናት፤ «ማኅበራዊ እውነታ» የሚባል፣ የሥነ ልቦናም የሥነ ሕይወትም ያልሆነ የጥናት ነገር አለ፤ እሱ የእኛ ነው ይላል። ራስን ማጥፋት (1897) የይገባኛሉ ማስረጃ ነው። ከሰው ሁሉ የግል የሚመስለውን ድርጊት ይዞ መጠኑ በሃይማኖት፣ በትዳርና በኢኮኖሚ ቀውስ እንደሚለዋወጥ አሳየ። የእህቱ ልጅ ማርሴል ሞስ ለዚህ ሥራ 26,000 ያህል ራስን የማጥፋት መዝገቦችን በዕድሜ፣ በፆታ፣ በትዳርና በልጅ መኖር አለመኖር ለይቷል። መዝገቦቹን እንዲያዩ የፈቀደላቸው የፍትሕ ሚኒስቴርን የስታትስቲክስ ቢሮ ይመራ የነበረው ጋብሪኤል ታርድ ነው፤ ታርድ ደግሞ የዱርካይም ዋና ተፎካካሪ ነበር! መጽሐፉ ታርድን ይተቻል፤ መቅድሙ ያመሰግነዋል።

አምስተኛው ዓምድ ላይ ዱርካይም በ1898 የመጀመሪያ ቅጹን ያወጣው ዓመታዊ ጆርናል ይገባል። እስከ 1913 ድረስ 12 ቅጽ ወጣ። ገጹን አብዛኛውን የሚሞላው የሌሎች ሰዎች መጻሕፍት ግምገማ ነበር፤ በሕግ፣ በሃይማኖትና በኢኮኖሚ የተጻፈውን ሁሉ እያነበቡ በሶሲዮሎጂ ርእሶች ሥር መደልደል ወጣት ምሁራንን የሚያሠለጥን ሥራ ሆነ። ዱርካይምን ከሌሎቹ የለየው ይህ ቡድን ነው። ሬኔ ዎርምስ ጆርናልና ዓለም አቀፍ ተቋም በ1893 አቋቁሞ ዱርካይምን በአምስት ዓመት ቀድሞታል፤ ዛሬ ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ኋላ የዱርካይምም ቡድን ብዙ ሰው አጣ፤ ሮቤር ኸርትዝና የዱርካይም ልጅ አንድሬ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1915 ሞቱ፤ እሱም በ1917 አረፈ።

አሜሪካ፦ አዲስ ዩኒቨርሲቲና የነዳጅ ገንዘብ

በየል ዊልያም ግራም ሰምነር በ1870ዎቹ የእንግሊዛዊውን አሳቢ የኸርበርት ስፔንሰርን መጽሐፍ ይዞ ሶሲዮሎጂ ማስተማር ጀመረ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ኖኣ ፖርተር ለሃይማኖት ጠንቅ ነው ብለው መጽሐፉን ተቃወሙት፤ ጠቡ የአደባባይ ሆነ። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ፍራንክ ብላክማር በ1890 አካባቢ በሶሲዮሎጂ ስም ኮርስ ሰጠ፤ ክፍሉ ግን ከታሪክ ጋር የተጣመረ ነበር። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በጆን ዲ. ሮክፌለር ገንዘብ በ1892 ሲከፈት ደግሞ አልቢየን ስሞል ራሱን የቻለ የሶሲዮሎጂ ዲፓርትመንት ይዞ ጀመረ። «የመጀመሪያው ማን ነው?» ከተባለ ሦስቱም በየዓምዳቸው የመጀመሪያ ናቸው፤ ኮርስ፣ ጥምር ክፍል፣ ራሱን የቻለ ዲፓርትመንት። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ለይታችሁ ከጻፋችሁ በየመጽሐፉ የሚገኘውን ክርክር ዘጋችሁት።

ስሞል በሐምሌ 1895 የአሜሪካን የሶሲዮሎጂ ጆርናል አስጀመረ። በ1905 ደግሞ የሙያ ማኅበሩ ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም የመንግሥት ጂኦሎጂስት የነበረው ሌስተር ዋርድ ሆነ። የጆርናሉን የመጀመሪያ እትም ማየት ይመከራል። የጆርናሎች የኢንተርኔት ክምችት የሆነው ጄስቶር ከ1923 በፊት በአሜሪካ የወጡ ጽሑፎችን በነፃ ያስነብባል፤ የስሞልን የመክፈቻ ጽሑፍ ማንበብ ስለ ዘመኑ መንፈስ ከሦስት መማሪያ መጽሐፍ በላይ ያስረዳል።

ቺካጎን ብቻ ጽፎ ማለፍ ግን የተለመደ ጉድለት ነው። ደብልዩ. ኢ. ቢ. ዱ ቦይስ በ1896 ወደ ፊላዴልፊያ ሰባተኛ ቀጠና ገብቶ ቤት ለቤት ቃለ መጠይቅ አደረገ፤ ውጤቱ በ1899 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ከ1897 እስከ 1910 ደግሞ በአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ሕይወት በየዓመቱ ጥናትና ጉባኤ ይመራ ነበር። በመስክ ጥናት ቺካጎን ቀድሟል። ጥቁር አሜሪካዊ በመሆኑ ግን ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ወንበር አልሰጡትም፤ የዲሲፕሊኑ ታሪክ ሲጻፍም ለረጅም ጊዜ ከዳር ቀረ። በቺካጎ ከተማ ራሱ ጄን አዳምስ በ1889 በከፈተችው የማኅበራዊ አገልግሎት ማእከል በሃል ሃውስ የሚሠሩ ሴቶች በ1895 የአካባቢያቸውን ነዋሪዎች ብሔርና ደመወዝ ቤት በቤት በቀለም የለየ ካርታ አሳተሙ። እነሱ «ማኅበራዊ ሠራተኞች» ተባሉ፤ በዩኒቨርሲቲው ያሉት ወንዶች «ሶሲዮሎጂስቶች» ተባሉ። የዲሲፕሊን ወሰን እንዴት እንደሚሠመር ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አትፈልጉ።

ጀርመንና እንግሊዝ

ለጀርመን አንድ ገጽ ይበቃል። መቋቋም የዘገየው ሐሳብ ስላነሰ አይደለም፤ የቆዩት ዲሲፕሊኖች ስለተቃወሙት ነው። ታሪክ ጸሐፊው ትራይችከ ገና በ1859 ከመንግሥት ሳይንስ የተለየ የኅብረተሰብ ሳይንስ አያስፈልግም ብሎ ጽፏል። የጀርመን የሶሲዮሎጂ ማኅበር በ1909 በበርሊን ተመሥርቶ የመጀመሪያ ጉባኤውን በ1910 በፍራንክፈርት አደረገ፤ ማለትም አምስተኛው ዓምድ ከአራተኛው ቀድሞ ተሞላ። ጊዮርግ ዚመል ሙሉ ፕሮፌሰርነት ያገኘው በ1914፣ ያውም በስትራስቡርግ በፍልስፍና ነው፤ አራት ዓመት ቆይቶ ሞተ። ዌበር በ1894 ፍራይቡርግ፣ ከዚያም ሃይደልበርግ የተሾመው በኢኮኖሚክስ ነው። በ1919 ሙኒክ ሲገባ የኅብረተሰብ ሳይንስ በሹመቱ ስም ውስጥ ተጨመረ፤ በ1920 በጻፈው ደብዳቤም በሹመት ወረቀቴ መሠረት አሁን ሶሲዮሎጂስት ሆኛለሁ ብሎ ይቀልዳል። በዚያው ዓመት በሰኔ አረፈ። በስሙ የቆመ ወንበር የመጣው በ1919 በፍራንክፈርት ሲሆን የተሾመውም ፍራንዝ ኦፐንሃይመር ነው።

ፈርዲናንድ ቶኒስ ላይ ስትደርሱ አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይሻላችኋል። በ1887 ያወጣው መጽሐፍ በዝምድና፣ በጉርብትናና በእምነት የሚተሳሰረውን ኑሮ በጥቅምና በውል ከሚገናኘው ይለያል። «ማኅበረሰብ» እና «ኅብረተሰብ» የሚሉት ሁለት ቃሎቻችን ልዩነቱን ለመያዝ የተመቹ ናቸው፤ ዕድርን የሚያውቅ አንባቢ የመጀመሪያውን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ሆኖም በዕለት ንግግር ሁለቱን እያቀያየርን ስለምንጠቀምባቸው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ትርጉማቸውን ወስኑና እስከ መጨረሻ ጠብቁት።

እንግሊዝ ግማሽ ገጽ ትወስዳለች፤ ክብደቷ ግን ከዚያ በላይ ነው። ማኅበር በ1903 ተመሠረተ። የመጀመሪያው ወንበር በ1907 በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ቆመ፤ ገንዘቡን የሰጡት ማርቲን ዋይት የተባሉ ባለጸጋ ናቸው፤ የተሾመው ጋዜጠኛ የነበረው ሆብሃውስ ነው። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ድረስ ጀርባቸውን ሰጡት። ነውሩንም አታጽዱ፤ በ1904 ፍራንሲስ ጋልተን የ«ዘር ማሻሻል» ትምህርቱን ያቀረበው በዚሁ አዲስ የሶሲዮሎጂ ማኅበር መድረክ ላይ ነው።

ምክንያቱን ስትጽፉ

አሁን ሠንጠረዡን ዘርግታችሁ «ሶሲዮሎጂ የኢንዱስትሪ አብዮት ልጅ ነው» የሚለውን ሐሳብ ፈትኑት። እውነት ቢሆን ኖሮ በኢንዱስትሪ ከዓለም የቀደመችው እንግሊዝ በሶሲዮሎጂም በቀደመች። ግን ወንበር ያገኘችው ቺካጎ ከተከፈተ ከ15 ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ጀርባቸውን ሰጥተው። ፋብሪካና ድህነት ለጥናቱ ጥያቄ ሰጥተዋል፤ በእንግሊዝም ቻርልስ ቡዝ ከ1889 ጀምሮ የለንደንን ድህነት በብዙ ጥራዝ አጥንቷል። ጥያቄ መኖሩ ግን ወንበር አያቆምም።

አራተኛው ዓምድ ላይ ያለውን ስም ሁሉ አንድ በአንድ ተመልከቱ። ቺካጎ በተከፈተበት ዓመት፣ በሮክፌለር ገንዘብ። ለንደን በ1895 በተቋቋመ አዲስ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ባለጸጋ ስጦታ። ፍራንክፈርት በ1914 በከተማው ሀብታሞች መዋጮ በቆመ ዩኒቨርሲቲ፣ ከነጋዴ በመጣ ገንዘብ። ሶርቦን ብቻ አሮጌ ነው፤ እዚያም በፔዳጎጂ ስም ነው የገባው። ሶሲዮሎጂ በዋናው በር የገባበት ቦታ የለም፤ ወይ አዲስ ግቢ አግኝቷል፣ ወይ በጓሮ በር በሌላ ስም ገብቷል። የጽሑፋችሁ ዋና ሐሳብ ይህ ቢሆን ማስረጃው በእጃችሁ ነው፤ ሌላ ዋና ሐሳብ ካላችሁም በዚሁ ሠንጠረዥ ላይ ፈትኑት።

ሦስቱ አባቶች ከየት መጡ?

የመጨረሻውን ገጽ ለዚህ አቆዩ። ማርክስ፣ ዱርካይምና ዌበር በሕይወት ሳሉ አንድ ላይ «መሥራቾች» ተብለው አያውቁም። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ታልኮት ፓርሰንስ የዌበርን የፕሮቴስታንት ሥነ ምግባር ጥናት በ1930 ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመ፤ በ1937 ባወጣው ትልቅ መጽሐፉም ዱርካይምን፣ ዌበርንና ኢኮኖሚስቶቹን ፓሬቶንና ማርሻልን ሰበሰበ። ማርክስን አላስገባውም። ማርክስ ገብቶ ሦስትነቱ የጸናው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በተለይ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከሁሉ በላይ ይነበብ የነበረው ስፔንሰር በዚህ መሐል ወጣ። ስለዚህ «ሦስቱ መሥራቾች» የሚለው የ19ኛው መቶ ዘመን ሳይሆን የ20ኛው ታሪክ ነው፤ በስድስተኛ ዓምድ አስቀምጡት።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚቀርብ ሰው አለ። በኢትዮጵያ ጥናቱ የምናውቀው የቺካጎው ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን በ1995 ባወጣው መጽሐፍ ሶሲዮሎጂስቶች የገዛ ሙያቸውን ታሪክ በየዘመኑ እንዴት በተለያየ መንገድ እንደተረኩት መርምሯል። ብዙ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የእሱን «ሰምና ወርቅ» አንብቦ ይህን አላየውም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካገኛችሁት መግቢያውን ብቻ እንኳ አንብቡ።

ከማስረከባችሁ በፊት

ጽሑፉን ከፍታችሁ «የመጀመሪያ»፣ «አባት» እና «መሥራች» የሚሉትን ቃላት በፍለጋ አውጡ። በእያንዳንዱ ፊት «የምኑ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከሌለ ጨምሩ ወይም ቃሉን ሰርዙ። ቀጥሎ ዓመቶቹን በሙሉ ከሠንጠረዡ ጋር አመሳክሩ። የሰው ስም አጻጻፍ ላይ ዱርካይም፣ ዱርኬም፣ ዱርክሃይም እያላችሁ አትቀላቅሉ፤ አንዱን መርጣችሁ በሁሉም ቦታ ተኩት። የገጽ ድልድሉን እዩ፦ መግቢያ አንድ፣ ቃሉ አንድ ተኩል፣ ቀደምቶች ግማሽ፣ ፈረንሳይ ሁለት ተኩል፣ አሜሪካ ሁለት፣ ጀርመን አንድ፣ እንግሊዝ ግማሽ፣ ሦስቱ አባቶች አንድ። ብዙ ጊዜ የሚያብጠው የኮምት ክፍል ነው፤ የሰው አስተሳሰብ ከሃይማኖታዊ ወደ ፍልስፍናዊ፣ ከዚያ ወደ ሳይንሳዊ ያድጋል የሚለው «የሦስት ደረጃዎች ሕግ» በአንቀጽ ያልቃል፣ ከዚያ በላይ ከሄደ ቁረጡት።

ሌክቸር ከሆነ ሠንጠረዡን ሞልታችሁ አታሳዩ። ባዶውን ሰሌዳ ላይ ሥሉና ተማሪዎቹ እየሰሙ ይሙሉት፤ የእንግሊዝ ረድፍ ጋ ሲደርሱ ለምን እስከ 1907 ባዶ እንደቆየ ራሳቸው ይጠይቃሉ። የኢትዮጵያን አጀማመር መጨመር የሚፈልግ ካለ አንድ ረድፍ ብቻ ያክል፤ ሣጥኖቹን ግን ከወሬ ሳይሆን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ካሉ የድሮ የኮርስ ካታሎጎች ይሙላ፤ እዚያም ላይ ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ አስቀድሞ ይይ።